ባለ ቢጫው ባርኔጣ

አባቴ «እኔ የተዘፈነልኝ ሰው ነኝ» ይላል። በጉብዝናው ዘመን ከደጋ ወደ ቆላው አብርሃ ጅራ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ የአጨዳውን ዘፈን የሚመራው አውራጅ አወድሶታል፤ ቴፕ ይዘው የመጡ ሰዎችም ቀድተውታል። ጎረቤቶቻችን ግን «ካሴቱ የታል?» እያሉ ይስቁበታል። ይህ ነገር ከልቡ ያንገበግበዋል።

እኔ ደግሞ ሸሕዲ ውስጥ የቆዩ የባህል ዘፈን ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር የመገልበጥ ሥራ አገኘሁ። የቆላው ሙቀት የካሴቶቹን ወረቀት አላቆ ስለጣለው የትኛው ምን እንደሆነ አይታወቅም። አንዱ ከዳር እስከ ዳር «ይሠራል ወይ? ኧረ ይሠራል?» የሚል ሰው ነው። ሌላው ላይ ፍየል ከዘፋኙ በልጣ ትሰማለች፤ እውነቱን ለመናገር ድምፅዋም ይሻላል። ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር አባቴ በር ላይ ቆሞ «አገኘሽኝ?» ይለኛል።

በአጨዳ ዘፈን የሰው ስም አይጠራም። አውራጁ ሰውን በልብሱ እያነሳ ከፊት የሚመራውን ያወድሳል፣ የዘገየውን ይሰድባል። በዚያ ማሳ ቢጫ ባርኔጣ ያደረገው አባቴ ብቻ እንደነበር ሰፈሩ ከእሱው አፍ እየሰማ በቃሉ ይዞታል። ስለዚህ አንድ ቀን «ባለ ቢጫ ባርኔጣ» የሚል ስሰማ ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፈርኩ። የቀረውን ማን ይስማ! ወደ ስልኬ ገልብጬ ወደ ቤት በረርኩ።

አባቴ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ጎረቤቱን ሁሉ ከደጃችን ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰበ። እናቴም ሥራዋን ትታ መጣች። ከፈትኩት።

«ባለ ቢጫ ባርኔጣ ምነው ኋላ ቀረ?
ከውኃ ቀጂዋ ጋራ ሲሳሳቅ ነበረ።»

ተቀባዮቹ ደግሞ አይታክቱ፤ እየደጋገሙ ተቀበሉት። ጎረቤቶቻችን ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ታዲያስ! ተዘፍኖልኛል አላልኩም?» አለ። ሳቁ አልቆም ሲል ወደ እናቴ እየጠቆመ «ደሞስ ምን ያስቃል? ውኃ ቀጂዋ ይቺው ሚስቴ ናት!» ብሎ ጨመረ።

እናቴ አልሳቀችም።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ አብርሃ ጅራን በዓይኔም አይቼ አላውቅ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ «አጥፊው» አለኝ።