ገበያው ሽቅብ ያየበት ቅዳሜ

ቂልነቴን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል። ባለፈው ወር ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚኒባስ ስሄድ ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን ነበር የተቀመጥኩት። አርበረከቴን አለፍ እንዳልን አንድ አሞራ ከመንገዱ ዳር ብድግ ብሎ በመስታወቱ ፊት ሽው አለ። እኔ፣ የልጆች አባት፣ ግማሽ ራሴን ሽበት የወረሰኝ ሰውዬ፣ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የሹፌሩን መሪ በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ራሴ ጎተትኩት። ሽቅብ ልነሳ ነበር እኮ።

የሚኒባስ መሪ ቢጎትቱት አይነሳም። ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ አቆመና ቀስ ብሎ ዞር አለ። «ጋሼ፣ ወዴት ሊወስዱን ነው?» አለኝ።

ከኋላ አንዲት ጫት ነጋዴ፣ «ወላሂ፣ እኚህ ሰውዬ በጠዋቱ መርቅነዋል» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ልቤ ግን ቦታዋ የተመለሰችው በዴሳ ስንደርስ ነው።

ለሚኒባስ ሙሉ ሰው ማስረዳት ስለከበደኝ ለናንተ ላስረዳ።

በደርግ ጊዜ፣ ጢሜ ገና ሲያቀመቅም፣ ድሬዳዋ ላይ የጦር አውሮፕላን አብራሪነት እማር ነበር። ሲመለምሉን ሐኪሙ ጥርሴን ቆጠረ፣ ዓይኔን አየ፣ ጉልበቴን በመዶሻ መታና «ጤነኛ ነህ» አለኝ። ስለ አእምሮዬ የጠየቀ አልነበረም። አባቴ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ ማለት ነው፣ ገበያው ዳር በሐጂ ሙሜ ጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ዕጩ መኮንን ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሁሉ ሱሪው እስኪያልቅ ድረስ ስለ እኔ ሳይሰማ አይሄድም። ሙሽራ ሲለካ ሳይቀር «የኔ ልጅ ትከሻ እንዳንተ ነው፤ እሱ ግን ይበራል» ይል ነበር አሉ።

የትምህርታችን ማር ዝቅ ብሎ መብረር ነበር፤ ሬቱም እሱው ነው። ከላይ ሲበሩ አውሮፕላኑ የቆመ ነው የሚመስለው። ምድር እንደ ሰሌን ከታች ተዘርግታ ቀስ ብላ ትሳባለች፣ እንቅልፍ ይመጣል። ዝቅ ሲሉ ግን ግራሩ መጣ ሲሉ አልፏል፤ ግመሎቹ መጡ ሲሉ አልፈዋል። የራሳችን ጥላ ከጎናችን እየሮጠ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲዘል እንደ ልጅ ያስቀኝ ነበር። አንድ ቀን በኤረር በኩል ስናልፍ የብርቱካን ሽታ አፍንጫዬ ገባ ብዬ ለጓደኞቼ ምዬ ተገዝቻለሁ። የኦክስጅን ጭንብል አድርጌ እንዴት እንደሸተተኝ እስካሁን ያመነኝ የለም፤ እኔም እጠራጠራለሁ።

አደጋውም እዚያው ነው። የስልክ ምሰሶ ይታያል፣ ሽቦው አይታይም። ሰው ካነጠሰ፣ አንጥሶ ሳይጨርስ ኮረብታ ፊቱ ይደቀናል። ከሁሉ የሚብሰው አሞራ ነው፤ ለማንም መንገድ አይለቅም። አስተማሪዬ ሻምበል ውብሸት ቅርንፉድ የሚያኝክ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ቀጭን ሰው ነበር። «ዝቅ ብለህ ሳለህ ምንም ይምጣ ምን፣ መጀመሪያ ሽቅብ፣ ከዚያ ጥያቄ» ይለናል። ይሄንኑ ቁርስ ላይ መኮሮኒ እየበላን ይደግመዋል።

የመጀመሪያ ፈተናዬን እንዴት እንደወደቅኩ ልንገራችሁ። መስመሩ ከድሬዳዋ ተነስቶ በቆላው አሰቦት ድረስ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ ተራራውን በመውጣት አሰበ ተፈሪ፣ ከዚያ በሂርና በኩል ወደ ቤት ነው። ሥራው ካርታ፣ ኮምፓስና ሰዓት ይዞ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። እኔ ግን ያንን አገር የማውቀው ከአባቴ ጋር ጨርቅ ስናመላልስ፣ በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ ሆኜ ነው። እዚህ ጋ መኪናው ውሃ ይጠጣል፤ እዚህኛው ጥምዝ ላይ ሴቶቹን ያስመልሳቸዋል፤ እዚያ ማዶ ፓፓያ ይሸጣል። ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ የሚያወጣውን መንገድ ከታች ሳየው ካርታውን ረሳሁት። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ታጠፍኩ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ታጠፍኩ። አንድም ጥምዝ አልዘለልኩም።

ስናርፍ ሻምበል ውብሸት ፊቱ አመድ መስሎ ከኋላ መቀመጫው ወረደና አውሮፕላኑን ተደገፈ።

«ዕጩ ሰለሞን፣ ቀጥ ብለህ ብትሄድ ምን ይልሃል?»

«መንገዱ እንደዛ ነው የሚሄደው፣ ጓድ ሻምበል።»

«ለማን?»

ትንሽ አሰብኩና፣ «ለመኪና» አልኩት።

ቅርንፉዱን ተፋ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስበር አስመልሶኝ አያውቅም። ዛሬ አስመለሰኝ። አንድ ዕድል ይቀርሃል። እሱንም እንዲህ ካደረግከው የነዳጅ ቦቴ ትነዳልናለህ፤ ያኔ ጥምዙን እንደልብህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቼ «ሹፌሩ» ይሉኝ ጀመር። ለነሱ ቀልድ ነው። እኔ ግን ሌሊት የማየው ባለ ክንፍ ሳይሆን ባለ ቦቴ ሆኜ አሰበ ተፈሪ ስገባ ነበር። አባቴ ለዚያ ሁሉ ሙሽራ ምን ብሎ ያወራል?

በዚያው ሰሞን አባቴ ድሬዳዋ ክርና ገበር ሊገዛ መጥቶ ጠየቀኝ። የምንበርበትን ቀን መናገር ክልክል ነው፤ የቀረኝ አንድ ዕድል ብቻ መሆኑን መናገር ደግሞ አሳፈረኝ። ክልክሉን መረጥኩ።

«ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽቅብ እይ፤ በገበያው ላይ አልፋለሁ» አልኩት።

«ምን ያህል ዝቅ ትላለህ?»

«ባርኔጣህን ያዝ።»

ሳቀ። ከዚያ ስለ ገበር አወራን።

ቅዳሜ ደረሰ። የሁዳዴ ጾም ወቅት ነው፤ የበልጉ ዝናብ ገና አልመጣም፣ ቆላው በአቧራ ተሸፍኖ ማሽላ የሚነፋበት አውድማ መስሏል። እንደ ደንቡ እኔ ከፊት፣ ሻምበል ውብሸት ከኋላ ሆነን ተነሳን። ያን ቀን ካርታዬን ጭኔ ላይ አስሬ፣ ከታች ያለውን መንገድ እንደ ባለዕዳ ሳላየው ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ኤረር በሰዓቱ፣ አፍደም በሰዓቱ፣ ሚኤሶ በሰዓቱ። ከኋላዬ «እም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከሻምበል ውብሸት አፍ «እም» ማለት እልልታ ነው።

የአሰቦት ተራራ ብቅ ብሎ፣ ወደ ግራ ልታጠፍ ስል አንድ ጥቁር ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከዚያ ጆሮዬ ስር ጠመንጃ የተተኮሰ መሰለኝ። የፊት መስታወቱ ተሰበረ፣ ነፋሱ እንደ ጎርፍ ገባ፣ ካርታዬ ከነማሰሪያው ብድግ ብሎ ሄደ። ነፋሱ ጭንብሌን ገፎት አፌ በላባና በሌላ ነገር ተሞላ። ሌላው ምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም። ሰው ጾሙን በጥብስ ይገድፋል፤ እኔን ያስገደፈኝ አሞራ ነው።

ይሄን ሁሉ የምነግራችሁ በኋላ አስቤው ነው። በዚያች ቅጽበት ምንም አላሰብኩም። እጄ ግን ከኔ ይልቅ ብልህ ነበርና መሪውን ስቦታል። ወደ ታች ሳይ ግራሩ እየራቀ፣ ግመሎቹ ፍየል እያከሉ ነው።

ሽቅቡ ካለቀ በኋላ ጥያቄው መጣ። «ጓድ ሻምበል» ብዬ ጮህኩ። ከነፋስ በቀር መልስ የለም። በኋላ ማሳያዬ ባይ በሁለታችን መሀል ያለው መለያ መስታወት በደምና በላባ ተለስኗል። ሻምበል ውብሸት ሞቷል ብዬ ደመደምኩ። የገረመኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «በቃ፣ አሁን ማን ያሳልፈኛል» የሚል ነበር። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ያኔ ከሻምበሉ መሪ ጋር የተያያዘው መሪዬ በእጄ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነቀነቀ። ድምፅ ሲጠፋ አስተማሪና ተማሪ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው። «አለሁ፤ ግን አላይም፤ አንተ ያዘው» ማለቱ ነው። እኔም ነቀነቅኩለት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ወሬ አውርቼ አላውቅም።

ሞተሩ ያጓራል፤ አንዳንዴም እንደ ሽማግሌ ይስላል። ወደ ግራ ካየሁ ተራራው አለ። ከተራራው ማዶ አሰበ ተፈሪ፣ ገበያው፣ አባቴ። በዚያ በኩል አልፌ ወደ ድሬዳዋ መመለስ እችላለሁ፤ ፊቴ በደም ተቀብቶ፣ መስታወቴ ተሰብሮ፣ እንደ ጀግና። ልቤ ወደዚያ ሳበኝ፣ አልዋሽም። ግን ካርታ የለኝም፤ ከኋላዬ ያለው ሰው አያይም፤ ሞተሩ ተራራው ላይ ቢያቆም የምናርፍበት ቦታ የለም። ወደ ታች ሳይ የባቡር ሐዲዱ ሜዳው ላይ ተጋድሟል፣ እስከ ድሬዳዋ ድረስ።

ለአባቴ በሆዴ «ይቅር በለኝ» አልኩና ወደ ሐዲዱ ዞርኩ።

ነፋሱ ፊቴን እንዳይገሸልጠው ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ጣቢያዎቹን እንደ ፌርማታ እየለየሁ ሄድኩ። አፍደም አጠገብ ከታች አንድ ባቡር ወደኛው አቅጣጫ ይጓዛል። ቀደምኩት። በጄት ባቡር መቅደም የሚያኮራ ነገር አይደለም፤ እኔ ግን ኮራሁ። ድሬዳዋ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ነጥረን አረፍን። ማረፍ ማረፍ ነው።

ሻምበል ውብሸት የፋሲካ ዶሮ የነጨ መስሎ ወረደ። የኔ አገጭ ተሰንጥቆ ይደማል፤ እሱ ግን ጭረት እንኳ የለበትም።

«በምን መጣህ?» አለኝ፣ ከአንገቱ ላባ እያወጣ።

«በባቡር ሐዲዱ፣ ጓድ ሻምበል።»

«ሐዲድ ጥሩ ነው። ጥምዝ አያበዛም።»

ሻለቃው፣ ማለትም የበላያችን፣ መስመሩ ስላልተጨረሰ ፈተናው እንደ ወደቀ ይቆጠራል ብሎ ተነሳ። አገጬን እየሰፉኝ በበሩ በኩል እሰማለሁ። መርፌው አላመመኝም፤ ወሬው ነው ያመመኝ።

«ጓድ ሻለቃ» አለ ሻምበል ውብሸት በዚያ በማይጮህ ድምፁ፣ «ልጁ የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነው። አገሩ ከተራራው ማዶ ነበር። ታይቶ ለመሞት የሚሽቀዳደም ዕድሜ ላይ ነው፤ አልሄደም። እኔን አገላብጦ ሳያስመልሰኝ ይዞኝ መጣ። ከዚህ በላይ በምን ልፈትነው?»

ከዚያ ሻለቃው፣ «እሺ፣ ላባውን ግን ታጠብ» አለው።

አለፍኩ። ጓደኞቼ ተሸክመውኝ ግቢውን ዞሩ፤ አንዱም «ሹፌሩ» አላለኝም፤ «አሞራ በላ» ነበር ያሉኝ። ደስታዬ ከዚህ እስከዚያ ድረስ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁረኛል። አሰበ ተፈሪ ላይ ገበያተኛ ሁሉ አንጋጦ ቀርቷል።

አገጬ ሲሽር ፈቃድ ሰጡኝና በአውቶቡስ ወጣሁ። ሂርና ላይ ሸንኮራ ገዝቼ እንኳ አልጣፈጠኝም። አሰበ ተፈሪ ስደርስ በረንዳው ላይ መጀመሪያ ያዩኝ ሐጂ ሙሜ ናቸው።

«ያ ሰለሞን፣ በአውቶቡስ መጣህ?» አሉኝ። «እኛ በሰማይ ስንጠብቅ። አባትህ የስፌት መኪናውን ዘግቶ፣ ወንበር ገበያው መሀል አውጥቶ፣ ሰዉን ሁሉ ሲያስጠብቅ ዋለ። የገለምሶ አውቶቡስ እንኳ ተሳፋሪ አጥቶ ቆመ። ጭልፊት ነው ያለፈው። ‹ልጅህ ጎማ ፈነዳበት እንዴ?› አልኩት።»

አባቴ ከስፌቱ ቀና አለ። አገጬን አየና መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካ።

ነገርኳቸው። ሐጂ ሙሜ ቀድሞ በአባቴ የሳቁትን ሁሉ እየጠሩ ደጋግመው አስነገሩኝ። በእያንዳንዱ ዙር አሞራው እያደገ ሄዶ መጨረሻ ላይ በግ አክሎ ነበር። ሆጃ፣ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው፣ በፍንጃል መጣ፤ በጾሙ ምክንያት ለኔ ያለ ወተት። «ኢልመ ኮ» አሉኝ ሐጂ፣ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሰማይ ላይ ሆኖ ባቡር የሚከተል ሰው አሰበ ተፈሪ ውስጥ አንተ ብቻ ነህ።» ገበያው በሙሉ ሳቀ። አባቴ ያን ቀን ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ።

አባቴ ካረፈ ቆየ። እኔም ክንፌን ከሰቀልኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ዛሬ የኔው ልጅ ጭሮ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ለጎረቤቱ ሁሉ «እሱን የሚያህል ሹፌር የለም» እላለሁ። ቁልቁለቱን ሲወርድ የባጃጁን ድምፅ ከሰማሁ ግን ጥርሴን ነክሼ፣ ቆሞ እስኪያጠፋው እጠብቃለሁ። አባቴ ያን ጊዜ በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ሲሸኘኝ ያለኝ ነገር የገባኝ አሁን ነው። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር የተሳፈርኩት። ሻንጣዬን አቀበለኝና ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ያን ቅዳሜ ለሰዉ ሁሉ ‹አሁን ይመጣል፣ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ› እያልኩ ዋልኩ። በሆዴ ግን ‹ጊዮርጊስ፣ እባክህ በሌላ በኩል ውሰድልኝ› እያልኩ ነበር። ለሐጂ እንዳትነግርብኝ።»