ወርቅነሽ ለልጇ የመረጠቻት ባዝራ

በጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ወርቅነሽን የማያውቅ ፈረስ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከድሬዳዋ በባቡር ወርደው ባሕር የሚሻገሩ ፈረሶች መርከብ እስኪመጣ በግቢው ሲቆዩ፣ ድርቆሽ የምታቀርብላቸው እሷ ነበረች። ነጋዴዎች ፈረስን በጥርሱና በሰኮናው ይመዝኑታል፤ እሷ በአበላሉ ታውቀዋለች፤ የትኛው ይናከሳል፣ የትኛው በገዛ ጥላው ይደነብራል። ምክር የጠየቃት ግን አልነበረም። ድርቆሽ ሻጭ ናትና።

ልጇ እልፍነሽ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በሕፃንነቷ የያዛት ትኩሳት ሲለቃት ግራ እግሯ ሰልሎ ቀረ። በ1917 ዓ.ም. ክረምቱ እንዳለፈ አንዲት ልብስ ሰፊ የግሪክ ሴት ልጅቷን ሙያ ላስተምራት አለች፤ የስፌት መኪናው በእጅ የሚዞር ነው፣ እግር አይፈልግም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ በየማለዳው በሰዓቱ መድረስ። አለዚያ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ስፌት ቤቱ ደግሞ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ወርቅነሽም ማለዳ ማለዳ ከፈረሶቹ ዘንድ አትጠፋም።

ጎረቤቶች አህያ ግዢላት አሉ። ዝቅ ያለ ነው፣ አይሮጥም፣ ርካሽም ነው። እልፍነሽ እንቢ አለች። በእናቷ ጀርባ፣ በጎረቤት ትከሻ፣ በውሃ ጋሪ ላይ ስትጫን ነው ያደገችው።

«አህያ የሚሸከመው ጭነት ነው» አለች። «እኔ ጭነት አይደለሁም።»

ወርቅነሽ በማግስቱ ልጇን ይዛ ፈረስ ነጋዴው ሙጠሊብ ዘንድ ሄደች።

ሙጠሊብ አማርኛን ድሬዳዋ የለመደ የየመን ሰው ነው። ለልጅ መሆኑን ሲሰማ አንገቱ እንደ ቀስት የጎበጠ ነጭ አምባላይ ድንጉላ ፈረስ አወጣላት። ከጣቢያው ሻይ ቤት ደጅ ያገሯ ሰዎች ተነሥተው መጥተው አደነቁ። ወርቅነሽ ግን ዓይኗን የጣለችው ከግንቡ ጥግ በታሰረችው፣ ጆሮዋ በተቀደደ ዳማ ባዝራ ላይ ነበር። ገዢዎች አርጅታለች ብለው ሁለት ጊዜ ትተዋት ሄደዋል።

በወጣትነታቸው የአንድ ደጃዝማች ባልደራስ፣ የፈረሶቻቸው አዛዥ፣ የነበሩት ጋሼ በዕውቀቱ ከልባቸው ተቆጡ። ባዝራ ለመውለድ እንጂ ለመቀመጫ አይደለችም፣ ባገራችን በባዝራ የወጣ ሰው መሳቂያ ነው አሉ።

«እግረ ሰላላ በጆሮ ቅድድ ላይ» አለ አንዱ ቀልደኛ። «ሁለቱ ቢደመሩ አንድ ሙሉ አይወጣቸውም።» ሰዉ ሳቀ።

ወርቅነሽ ሁለቱንም ፈረሶች ከሐዲዱ አጠገብ አስቆመች። ለእያንዳንዳቸው አንድ እቅፍ ድርቆሽ ጣለችና እጇን አጣምራ ጠበቀች። ሙጠሊብ ምን እንደምትጠብቅ ጠየቃት።

«ባቡሩን» አለችው።

ባቡሩ ፊሽካውን እየነፋ ሲገባ አምባላዩ በኋላ እግሩ ቆመ፤ ልጓሙን የያዘውንም ሰው ከግቢው ዳር እስካለው የጨው ክምር ጎተተው። ባዝራዋ ድርቆሿን ታኝካለች። ያን ጊዜ ግንቡ ላይ የተቀመጠችው እልፍነሽ አምጡልኝ አለች። ባዝራዋን ሲያስጠጉላት የሰለለ እግሯን በሁለት እጇ አንሥታ አሻገረች። ተንሸራተተች። ደግማ ሞከረች። ባዝራዋ ንቅንቅ አላለችም። በሦስተኛው ወጣች።

«ጋሼ በዕውቀቱ» አለች ወርቅነሽ፣ «የእርስዎ ደጃዝማች ሰው እንዲያያቸው ይጋልቡ ነበር። የኔ ልጅ የምትጋልበው ሥራ ልትገባ ነው። የሚስቅ ይሳቅ፤ መንገዱን ግን ይልቀቅላት።»

የአንገቷን የብር ጌጥና የሁለት ወር ድርቆሽ ሰጥታ ባዝራዋን ወሰደች።

ሰኞ ማለዳ እልፍነሽ ብቻዋን ወጣች። በባሕሩ ዳር ብትሄድ ማንም አያያትም ነበር። እሷ ግን ልጓሟን ወደ ሻይ ቤቱ መለሰች። ያ ቀልደኛ ወንበሩን መንገዱ ላይ አውጥቶ ተቀምጧል። እፊቱ ስትደርስ ቆመች፤ ባዝራዋም ቆመች። ዞር በልልኝ አላለችውም። ሰውየው ብርጭቆውን ይዞ ተነሥቶ ወንበሩን እስኪጎትት ድረስ ከላይ ሆና አየችው።

ስፌት ቤቱ ስትደርስ በሩ ገና አልተከፈተም ነበር።