የበቀቀኗ ጉርሻ

መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ የሽቦ ሳጥን ውስጥ የታሰረች በቀቀን አየሁ። ሳጥኑ ኩሷንና የበሰበሰ ሙዝ ይሸታል።

ልጅ ሆኜ ቂርቆስ ቤታችን እንደሷ ግንባሯ ቢጫ የሆነ በቀቀን ነበረችን። ሥጋ ሻጩ አባቴ ነው ከጅማ ያስመጣት። አንድ ፋሲካ እንግዶች ቁርጥ ሲበሉ ለእሷም ሚጥሚጣ የነካ ጥሬ ሥጋ ያጎርሷታል። ስትንቀጠቀጥ ይስቃሉ።

እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን አጨማደዱ። «እነዚያ የቤተክርስቲያኑ ጥድ ላይ የሚንጫጩት ትንንሾቹ በቀቀኖች ከተማውን ለምደውታል፤ አያልቁም። ይቺ ግን እጥፋቸው ናት፣ ጫካ ካልሆነ አይሆንላትም። ከኛ አገር ሌላ የትም የለችም፤ ጫካው ባለቀ ቁጥር እሷም እያለቀች ነው። ተዋት በቃ!»

«ጋሼ፣ ቤቴ ገብታ ሳትጎርስ?» አለ አባቴ። ሥጋውን ለእኔ ሰጠኝና «ነይ፣ አንቺ አጉርሻት» አለኝ።

አጎረስኳት። መዳፌ ላይ አስመለሰችው፤ ለብ ያለ፣ የሚያሟልጭ ነገር። እንግዶቹ አጨበጨቡልኝ። ጠዋት ሳጥኗ ውስጥ ደርቃ አገኘኋት።

የሆቴሉ አስተናጋጅ የድንች ጥብስ ዘረጋልኝ። «ያጉርሷት፣ ፎቶ ላንሳዎት» አለኝ።

እጄ ሳላዘው ተቀበለው።