የእዚችው ጉልበት

ባሌን ሰው ሁሉ «እዚችው» ነው የሚለው። ሥራው ተራራ የሚወጡ ሰዎችን መምራት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ላብ ያጠመቃቸው ሰዎች «ጋሼ፣ ስንት ይቀረናል?» ባሉት ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «እዚችው ናት!» ሁለት ሰዓት ቢቀርም እዚችው ናት። እውነቱን ብነግራቸው እዚያው ቁጭ ይላሉ ባይ ነው።

እኔ ደግሞ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኮሌታ እሰፋለሁ፤ የሸሚዙ ሌላ ክፍል እኔ ጋ አይደርስም። እሁድ ሲመጣ ልብስ ማጠብ አለ፣ ቤት ማጽዳት አለ፣ ከዚያ ወገቤን ይዤ ጋደም ማለት አለ። ስለዚህ ተራራው ጫፍ ላይ ያለውን የጸደይ አበባ የማውቀው በእሱ አፍ ነው። በየዓመቱ ራት ላይ ይተርክልኛል፤ ቢጫው እስከ ገደሉ አፍ ድረስ፣ ሐምራዊው በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከማዶ ደግሞ ተራራ በተራራ ላይ። «አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ይለኛል። እኔም «እዚችው ናት በለኛ!» እለዋለሁ።

ዘንድሮ ግን እሄዳለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ለአበባው ብቻ ብዬ አይደለም። የብርዱን ወራት ሙሉ የቤታችንን ደረጃ ሲወጣ መደገፊያውን እንደ ወንድሙ ሲያቅፈው አይቻለሁ። «ጉልበትህን ምን ነካው?» ስለው «ምን ይነካዋል!» ብሎ ይዘጋኛል። በዚያ ላይ በምንወጣበት እሁድ እሱ የሚሠራበት ድርጅት ኃላፊ አብራ ትወጣለች። የትኛው መሪ እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደሚሰናበት የምትወስነው እሷ ናት።

በጠዋት ተነሳን፤ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ገና ሩቡን ሳንሄድ እግሬ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ። ደግነቱ ባሌ ቶሎ ቶሎ ያቆመናል። «ይህቺን አበባ እዩልኝማ!» ይልና ስለ ቅጠሏ፣ ስለ ሽታዋ ያወራል፤ ሰዉም ጎንበስ ብሎ ፎቶ ያነሳል። ኃላፊዋ ሳትቀር «አቤት እውቀት!» አለች። እኔም መጀመሪያ ላይ ኮራሁ። ለአምስተኛ ጊዜ ግን ያቆመን እኛ ቤት ደጃፍ፣ ቦይ ዳር የሚበቅለው አረም ጋ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው፣ ሰው ሁሉ አረሙ ላይ ሲያፈጥ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ግራ እግሩን ከመሬት አንስቷል። ለካ እያረፈ ኖሯል።

የመጨረሻው አቀበት ሥር ስንደርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ኃላፊዋ ሽቅብ አየችና «ስንት ቀረን ጋሼ?» አለች።

«እዚችው...» ብሎ ሳይጨርስ ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ።

«እኔ በቃኝ! ብትገድሉኝ አንድ እርምጃ አልሄድም። አንተም ጥለኸኝ እንዳትሄድ!»

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የወጣ አንድ መምህር «ግድ የለም፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብሎ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። ደክሞኛል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ያቺን የቀረች አቀበት እንደ ምንም ብዬ፣ እየዳህኩም ቢሆን እወጣት ነበር።

ሰዎቹ ሲርቁ ባሌ «አውቀሻል» አለኝ።

«በደንብ ነዋ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እዚህ እቆምና፣ ‹ጫፉ ለብቻ ሲያዩት ነው የሚያምር› ብዬ እልካቸዋለሁ። ዛሬ ግን ኃላፊዋ አለች።»

«ታዲያ ራት ላይ የምትነግረኝስ?»

«ሲወርዱ ሲያወሩ የምሰማውን ነዋ።»

መናደድ ነበረብኝ። ግን ለመናደድም ጉልበት ይፈልጋል፤ የእኔን ኮሌታ ጨርሶታል። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ሰዎቹ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት በአበባ ብናኝ ቢጫ ሆኗል። ኃላፊዋ ሳቅ እያለች «እትዬ፣ ምን ነካዎት! ጋሼን ይሄን ጉድ ሳያዩ አስቀሯቸው እኮ። ሁለተኛማ አናመጣዎትም!» አለችኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ምን ላድርግ ልጄ፣ ቁጭ ማለት የለመደ እግር ነው» አልኩ።

ባሌ አልሳቀም። በትሩን ተደግፎ ተነሳ።

«እሷ አይደለችም» አለ። «እሷማ ትወጣው ነበር። ጉልበቴ ነው። ከእንግዲህ አልችልም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ኃላፊዋ መሬት መሬቱን አየች። እኔ በቁሜ ነደድኩ። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅሁትን አበባ አንድ አቀበት ሲቀረኝ የተውኩት፣ ይህቺ ቃል ከአፉ እንዳትወጣ ብዬ ነበር። ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩና ቁልቁለቱን ጀመርን፤ ሙሉ ክብደቱን ጣለብኝ።