የጳጉሜን ውዝፍ

ለመድኃኒት ቤቶች የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ፕሮግራሙ ያስቸገራቸው ደንበኞች ይጽፉልናል፤ እያንዳንዱን አቤቱታ ቲኬት እንለዋለን። እኔ ለደንበኞቹ መልስ እሰጣለሁ፤ አርብ አርብ ደግሞ ሳይፈታ ያደረው ከሳምንት ሳምንት ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን በግራፍ ለስብሰባ አቀርባለሁ። ያደረውን ውዝፍ እንለዋለን።

መጀመሪያ ቢሮ ነበረን። ምሳ ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። በኋላ ኪራዩ ከበደና ሁላችንም ከየቤታችን እንድንሠራ ተባለ። የታክሲ ሰልፍ ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ሽቅብ በምትወጣ ቅያስ፣ አንድ ሸማኔ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ውሎ ሲያድር ግን የራሴን ድምፅ የምሰማው አርብ፣ በኢንተርኔት በምንሰበሰብበት ሰዓት ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

ባለቤቱ አባባ ከግድግዳው ማዶ ሲሸምኑ ይውላሉ። በሬን ዘግቼ ስለምውል ሥራ የፈታሁ መስሏቸው ኖሮ አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ልብስ ስፌት ያስተምራሉ፤ ለምን አትሞክሪም?» አሉኝ።

«ሥራ አለኝ እኮ አባባ፤ እዚሁ ነው የምሠራው።»

በበሩ ወደ ውስጥ አየት አደረጉ። ጠረጴዛና ኮምፒውተር አለ።

«ከማን ጋር?» አሉኝ።



ከውዝፎቹ ሁሉ ያረጀው የአንዲት ፋርማሲስት ቲኬት ነበር። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ትንሽ መድኃኒት ቤት አላቸው። በእኛ አቆጣጠር ይሠራል የተባለው ፕሮግራማችን ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ይዘጋዋል፤ ጳጉሜን ሲገባ ሽያጭ አልመዘግብም ይላል። «በእጄ እየጻፍኩ ለአዲስ ዓመት መልሼ አስገባለሁ፤ ዓይኔም ደክሟል» ብለው ጻፉ። በስብሰባው ላይ ሳቅ ሆነ። በዓመት አምስት ቀን ብቻ ለሚያስቸግር ነገር ማን ጊዜ አለው ተባለና ከሁሉ በታች ተቀመጠ።

እሳቸው ግን አልረሱትም። በየጊዜው ብቅ ይሉ ነበር። «ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? የኔ ነገር ከምን ደረሰ?» እኔም «እየታየ ነው እናታችን» እላለሁ። እያደር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ደጃቸው ላይ ስለሚያድሩት አስታማሚዎች ይጨምሩበት ጀመር። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው የእሳቸውን መልእክት ነበር። ባይፈታ ይሻላል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም፤ አርብ በመጣ ቁጥር አነሳዋለሁ፣ አርብ በመጣ ቁጥር ይታለፋል።

ነሐሴ ላይ አለቃችን ገንዘብ ሊያፈሱ የሚፈልጉ ሰዎች እንደሚጎበኙን ነገረን። ውዝፉ ክረምቱን ሙሉ ሽቅብ ሲወጣ ስለከረመ፣ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ቲኬት በሙሉ በራሱ እንዲዘጋ አደረገ። በሚቀጥለው አርብ ቁልቁል የወረደ የግራፍ መስመር አሳየሁ።

«እንዲህ ነው እንጂ ሥራ!» አለ።

«ግን እኮ አልተፈቱም» አልኩ።

«የቸገረው እንደገና ይጽፋል።»

ሁሉም ካሜራቸውን አጥፍተዋል። ስብሰባው ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ የቀረው የኔው ፊት ነበር።

ፋርማሲስቷ እንደገና አልጻፉም። ጠብቄ ጠብቄ አንድ ቅዳሜ ታክሲ ይዤ ጳውሎስ ወረድኩ። ነጭ ጋውን የለበሱ ረዥም ሴት ናቸው፤ በሐሳቤ አጭር አድርጌያቸው ነበር። ማዘዣ የያዙት ሰዎች እስኪያልፉ ቆሜ ቆይቼ፣ ስለ ጳጉሜን ስመልስልዎ የነበርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

«አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ? ብዙ ሆናችሁ እየተፈራረቃችሁ የምትጽፉልኝ መስሎኝ!»

«እኔ ብቻ ነኝ።»

ትንሽ አዩኝና ወንበር ሳቡልኝ። «ችግርዎ ስለተፈታ ደስ ብሎናል የሚል መልእክት መጣልኝ። እውነት መስሎኝ የአምናውን ጳጉሜን ቀን አስገብቼ ሞከርኩት እኮ» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ይቅርታ ስል፣ «ተይው በቃ፤ ሻይ ትጠጫለሽ?» አሉኝ። ሻዩን ካጠገባቸው ካለው ካፌ አስመጡ። ሰው ሲገባ እየተነሱ፣ ሲወጣ እየተመለሱ አጫወቱኝ። ለአንድ ሰው ይህን ያህል ካወራሁ ቆይቼ ስለነበር ስመለስ ጉሮሮዬን አመመኝ።

ለቀጣዩ አርብ ግራፉ ላይ ሌላ መስመር ጨመርኩ፤ ሳይፈቱ የተዘጉትን ከውዝፉ ጋር ደምሮ የሚያሳይ። መስመሩ ከድሮውም ይበልጥ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። አለቃችን «ይሄን አውጪልኝ» አለ። «ለጎብኚዎቹ የሚቀርበውን አንተ እንዳሻህ አድርገው፤ የኔ ሪፖርት ግን ይሄ ነው» አልኩት። ከዚያ አንድ ፕሮግራመር ካሜራውን ከፈተ። ከኋላው ያልተነጠፈ አልጋ ይታያል።

«እ... የጳጉሜኑን እኔ አየዋለሁ» አለ።

ለዚያ ጳጉሜን አልደረሰም። ከሥራ በኋላ እየሄድኩ ሴትዮዋ እያነበቡልኝ የቀኑን ሽያጭ እጽፍ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጳጉሜን ግን ፕሮግራሙ ያለችግር መዘገበ። እሳቸውም «ልጄ፣ ሠራ! ተባረኪ» ብለው ጻፉልኝ፤ ቲኬቱንም ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ አይጽፉም። ምን ብለው ይጻፉ? አንዳንድ ቅዳሜ በዚያ በኩል ሳልፍ በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ሰው ካልበዛ እገባለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ይበዛል።