የአቶ ደመላሽ ኮት ገበር

ይማም አብዱሰመድ ቁጥር የተማረው ከልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ጣሊያን መቐለ ሳለ የወታደር ልብስ በሚሰፋበት ቤት ተቀጠረ፤ ከወሎ በመጣ በሳምንቱ። አንገቱ ላይ ያንጠለጠሉለትን ሜትር እንደ ፊደል ገበታ ከአንድ እስከ መቶ ኀምሳ አጠናው። ከመቶ ኀምሳ በኋላ ቁጥር ያለ አይመስለውም ነበር። እንዳለ ሲነግሩት ተናደደ። ሰው የሚያውቀውን እሱ ካላወቀ ይናደዳል፤ ይህ ጠባዩ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከታላቅ እኅቱ ከሁሪያ ጋር ከገበያው ዳር በረንዳ ተከራይቶ የስፌት መኪናውን ዘረጋ። ሹም ኮት ያሰፋበታል፣ ከበረሃ ጨው ጭኖ የወጣ ነጋዴ የተቀደደ ከረጢቱን ያስጠግንበታል። አንድ ቀን ደግሞ መምህር ወልደጊዮርጊስ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ፣ ይማም ስምንት ክንድ ጨርቅ ለሦስት ሱሪ ሲያከፋፍል ቆሞ አየው። ሱሪውን ረስቶ ቁጭ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ እየመጣ አስተማረው። ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ሁለት መቶ ጥያቄ በእጁ የገለበጠበትን ደብተር ትቶለት ሄደ።

«አዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ አለ። የሚገባው በፈተና ነው፤ ፈተናውም እዚሁ ይሰጣል። ይህን ደብተር ከጨረስክ ማንም አይመልስህም» አለው።

መምህሩ ደግ ሰው ነበር፤ አቶ ደመላሽን ግን አያውቅም።

ወረቀት በዚያ ዘመን እንደ ልብ አይገኝም። ይማም ታዲያ ጥያቄዎቹን የሚሠራው በጠመኔ በጨርቅ ላይ ነበር። ኮት ሲሰፋ በላዩና በገበሩ መካከል ደረት የሚያቆም ሸካራ ጨርቅ ይገባል፤ ያንን ጨርቅ የሚያየው ሰፊው ብቻ ነው። ይማም እሱ ላይ ያባዛል፣ ያካፍላል፣ ከዚያ ገበሩን ደርቦ ይሰፋበታል። በ፲፱፻፴፱ ዓመተ ምሕረት የመቐለ ሹማምንት ግማሾቹ ሳያውቁት የይማምን ክፍልፋይ ደረታቸው ላይ ይዘው ይዞሩ ነበር።

ለፈተናው የሚመዘግበው አቶ ደመላሽ ነው፤ ከሸዋ የመጣ የትምህርት ቢሮ ጸሐፊ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ወንበሩ ትንሽ ከፍ ስላለችበት ነው። ይማም መጀመሪያ የሄደ ዕለት «የትምህርት ቤት ወረቀትህ የታለ?» አለው። ሁለተኛ ሲሄድ «ዕድሜህ አልፏል» አለው። ይማም ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ከእሱ በፊት የተመዘገበው ሰውዬ ራሱ መሸበት ጀምሯል። ሦስተኛ ሲሄድ አቶ ደመላሽ እውነቱን ተናገረ።

«ስማ፤ ልብስ ሰፊ ከሆንክ ስፋ። መርፌና ሒሳብ ምን አገናኛቸው? ደግሞ ኮቴን ለዐርብ አድርስልኝ፤ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ይመጣል።»

ምዝገባውም የሚዘጋው ዐርብ ነበር።

ይማም ሐሙስ ኮቱን ሲጨርስ ጥርሱን ነክሶ ነበር። የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ በኮቱ ቀኝ ደረት ላይ ደብተሩ ውስጥ ያለውን የገንዳ ጥያቄ ሠርቶበታል። አንድ ቧንቧ ገንዳውን በአራት ሰዓት ይሞላል፣ ሌላው በስድስት ሰዓት፤ ሁለቱ አብረው ቢከፈቱስ? ይማም በአራትና በስድስት መካከል ያለውን ይዞ «አምስት» ብሎ ጻፈ፣ ገበሩን ሰፋበት። በማግስቱ እሱ በአንድ በኩል፣ ሁሪያ በሌላ በኩል ሆነው የአንድ ካባ ጠርዝ ሲዘመዝሙ እጁ ቆመ።

«እትዬ፣ ይህን ብቻዬን በአራት ሰዓት የምጨርሰው ቢሆን፣ አንቺ ስትጨመሪበት አምስት ሰዓት ይፈጅብኛል?»

«ልታባርረኝ ከሆነማ በግልጽ ንገረኝ» አለች ሁሪያ።

ይማም ሣቀ፤ ቀጥሎ በራሱ ተናደደ። የኮቱ ግራ ደረት ገና ክፍት ስለነበር እዚያ ላይ እንደገና ሠራው። ቀኙን አልፈታውም።

ዐርብ ጠዋት ኮቱን አቶ ደመላሽ ቤት አድርሶ ተመለሰና መቀመጥ አቃተው። ምላጩን በኪሱ፣ መርፌና ክሩን በቆቡ ሰክቶ ተነሣ። ሁሪያ ገባት።

«ዝም አይነቅዝም፣ ወንድምዬ። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ትጥላለህ። እሱ ከጠላህ ሹም ሁሉ ኮቱን ሌላ ቤት ያሰፋል።»

«ዝም ያለ አይነቅዝም፤ አይመዘገብምም» አላት።

ሁሪያ ቆቡን አቃናችለት። «በል እንግዲያው አብሽር። ስትመለስ አንገትህን ደፍተህ እንዳላይህ።»

በቢሮው በር ላይ ዘበኛው ባሻይ ወልደአማኑኤል በዱላቸው መንገዱን ዘጉ። «ወደይ፣ ዛሬስ ይቅርብህ። እንግዳው ውስጥ ናቸው።»

«ለዚያ ነው የመጣሁት፣ ባሻይ።»

ሽማግሌው የይማምን ፊት አዩ፤ ሦስት ጊዜ ሲመለስም ያዩ እሳቸው ናቸው። ዱላቸውን አነሡ። «ኣጆኻ» ብለው በቀስታ አደፋፈሩት።

አቶ ደመላሽ አዲሱን ኮት ለብሶ ከተቆጣጣሪው ፊት ቆሟል። ተቆጣጣሪው አቶ ረታ ይባላሉ፤ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው። ይማም እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ለፈተናው ልመዘገብ መጥቻለሁ። ይህ አራተኛዬ ነው።»

«ልብስ ሰፊዬ ነው» አለ አቶ ደመላሽ ፈጠን ብሎ። «ወረቀት የለውም። ሒሳብ ዐውቃለሁ ይላል፤ ማስረጃ የለውም።»

«ማስረጃው እርስዎ ላይ ነው» አለ ይማም። «ኮትዎን ያውልቁና ላሳይ።»

አቶ ደመላሽ ዘበኛውን ሊጠራ ሲል አቶ ረታ እጃቸውን አነሡ። «እስኪ አውልቁት» አሉ። አለቃ ካለ ምን ይደረጋል፤ አወለቀ።

ይማም ኮቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ምላጩ ገበሩን ሲነካ ልቡ እንደ ስፌት መኪናው ይሮጥ ነበር። ተሳስቶ ሌላ ኮት ቢሆንስ? ጠመኔው ለቆ ቢሆንስ? ቀኙን ተረተረ። ሸካራው ጨርቅ ላይ ነጩ ጽሑፍ አለ፤ ገንዳው፣ ሁለቱ ቧንቧዎች፣ «5 ሰዓት»።

አቶ ረታ ጎንበስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ቀና አሉና «አቶ ደመላሽ፣ ልክ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ደመላሽ አየ፣ አሰበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልክስ ልክ ነው። የአራትና የስድስት መካከል አምስት ነው። ግን አንድ ጥያቄ መመለስ ብቻውን...»

«ስሕተት ነው» አለ ይማም። «ያኔ እኔም እንደ እርስዎ መስሎኝ ነበር።»

ይማም ሳይጠየቅ ኮቱን አዙሮ ግራውን ተረተረ።

«አንዱ ብቻውን በአራት ሰዓት የሚሞላውን፣ አጋዥ ተጨምሮለት እንዴት ይዘገያል? በአንድ ሰዓት ፈጣኑ ሩቡን ይሞላል፤ ሌላው አንድ ስድስተኛውን። ሲደመር ከዐሥራ ሁለት አምስት እጅ ነው። ገንዳው በሁለት ሰዓት ከሃያ አራት ደቂቃ ይሞላል።»

አቶ ረታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ጢማቸው ሥር ፈገግታ ነበረ። «ይመዝገብ» አሉ።

አቶ ደመላሽ ሆድ ዕቃው የወጣ ኮቱን እያየ «ይመዘገባል፤ መጀመሪያ ይህን ይስፋልኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ግብዣ አለብን» አለ።

«መጀመሪያ ስሜ» አለ ይማም። «ከዚያ እሰፋዋለሁ።»

አቶ ደመላሽ ወደ አቶ ረታ ዞረ፤ አቶ ረታ መስኮቱን ያያሉ። መዝገቡን ስቦ ብዕሩን አነሣ። ይማም አብዱሰመድ። ሃያ አራት። ሥራ የሚለውን ዘሎት አለፈ።

«ልብስ ሰፊ» አለ ይማም። «ይጻፍ።»

ተጻፈ።

«አሁን ያንን ጭረትህን ከኮቴ ላይ አጥፋልኝ» አለ አቶ ደመላሽ በተዳከመ ድምፅ።

ይማም ቀኙን በእጅጌው አራግፎ አጠፋው። ግራውን አልነካውም። «ይኸኛው ልክ ነው» አለ፤ «ልክ የሆነውን አላጠፋም።»

ከዚያ መዝገቡን ወደ ራሱ አዙሮ ስሙን ከዳር እስከ ዳር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንዲት ፊደል እንዳልጎደለች ካየ በኋላ መርፌውን ከቆቡ ነቀለና ክር አስገባ።