በበረኪና የታጠቡት ድንጋዮች

ለምሳ ወደ ቤት ስገባ ድንጋዮቼ ነጭ ሆነው ጠበቁኝ።

ጠዋት ስወጣ አረንጓዴ ነበሩ። አከራዬ እትዬ አስካለ ግቢው መሃል የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው ደርድረዋቸዋል። እሳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ... ቀና ብለው አላዩኝም።

ይሄ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። አስተማሪ ነበርኩ፤ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። አንድ የውጭ አገር ሰው ባልደረባዬ ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ አምስት ዓሦች ከነመስታወት ገንዳቸው ትቶልኝ ሄደ። የማላዊ ሐይቅ ዘር ናቸው፣ የእኛ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ የሩቅ ዘመድ። ጣት የሚያህሉ፣ ሰማያዊና ቢጫ። ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ቀኑን ሙሉ በጥርሳቸው እየፋቁ ነው የሚኖሩት።

ገንዳው ውስጥ የሚበቅለው ብቻ አይበቃቸውም። ስለዚህ ድንጋይ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ከትቼ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጣለሁ። በሦስት ሳምንት አረንጓዴ ይለብሳል። የተፋቀውን አውጥቼ የለበሰውን አስገባለሁ። ሁለት ሳፋ ነበረኝ... እትዬ አስካለ ሁለቱንም ዓይናቸው እንዲያይ አይፈልጉም።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ከአምስቱ አንዷ ዕንቁላል ይዛ ነበር። እነዚህ ዓሦች የሚፈለፍሉት አፋቸው ውስጥ ነው። ልጆቹ እስኪወጡ ድረስ እናትየዋ ምግብ አትቀምስም። አገጯ አብጦ፣ ሆዷ ገብቶ፣ ጥጓን ይዛ ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ዓመት ሙሉ ስሞክር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካልኝ ነው።

«ማነው ያጠባቸው?» አልኳቸው።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ለምን ትላለህ? የጤና ኤክስቴንሽኗ ነገ ትመጣለች። ያቆረ ውሃ ድፉ ተብለናል። ሞዴል ቤተሰብ ተብዬ ሰርተፍኬት የወሰድኩ ሰው፣ ግቢዬ ውስጥ የወባ ትንኝ ላርባ?»

«ትንኝ የለበትም ብያለሁ።»

ሌላ ራስ ሽንኩርት አነሱ። እልህ ያዘኝ። ገና እርጥብ የሆኑትን ድንጋዮች ሰብስቤ ገባሁና አንድ በአንድ ገንዳው ውስጥ ከተትኳቸው። የክፍሌ በር ክፍት ነው። እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ያዩኛል።

ዓሦቹ እንደ ልማዳቸው መጥተው ፋቅ ፋቅ አደረጉና ተመለሱ። ምሳዬን ጀምሬ ዞር ስል አራቱ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ... ጎንበስ ስል ሸተተኝ። በረኪና።

በጀሪካን የቀዳሁት የመጠጥ ውሃ ነበረኝ፣ ሁለት ቀን የሰነበተ። ባልዲ ላይ ገለበጥኩትና ጥጓን ይዛ የነበረችውን እናት በኩባያ ቀድቼ ወደዚያ አዛወርኳት። ለአራቱ አልደረስኩላቸውም።

በሳህን ይዣቸው ወጣሁና ከሽንኩርቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

«በበረኪና እንዳጠብሽው ለምን አልነገርሽኝም?»

ቢላዋቸው ቆመ።

«አንቺ አልከኝ?»

«አዎ፣ አንቺ።»

«እናትህን የማክለውን ሰው... በዓሣ?»

«ይዤ ስገባ እያየሽኝ ነበር።»

«አይቻለሁ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «አይቼ ዝም አልኩ። ስናገር መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

ብድግ ብለው ከቤቱ ጀርባ ያለውን ሁለተኛውን ሳፋ እየጎተቱ አመጡና እግሬ ሥር ደፉት። ውሃው ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋ። ቀጫጭን ትላትል የመሰሉ ነገሮች ይንፈራገጡበታል። የትንኝ እጭ።

«ይሄ ምንድነው?»

«አላየሁትም።»

«አይተኸዋል። በሻይ ማጥለያ እየለቀምክ ለዓሣህ ስትሰጥ ዘውዴ በመስኮት ያይሃል። ተኝቶ አይደል የሚውለው? ሌላ ምን የሚያየው አለ?»

ጋሽ ዘውዴ ባለቤታቸው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር። በዚያ ዓመት ወባ ሲጥላቸው ሁለተኛ ጊዜያቸው ነበር።

እውነታቸውን ነው። አይቼዋለሁ። እንደውም ዓሦቹ ያን እጭ ሲያገኙ ቀለማቸው ይደምቃል ብዬ ሆን ብዬ ነበር የማቆየው። ጋሽ ዘውዴን የነደፈቻቸው ትንኝ ከእኔ ሳፋ ትነሳ ከሌላ ቦታ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ግን ቢያንስ «ልክ ነዎት» ማለት እችል ነበር።

ያልኩት ሌላ ነው። «ወባውን ያመጣው ሐይቁ ነው እንጂ የእኔ ሳፋ አይደለም።»

ባዶውን ሳፋ ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ቅዳሜ ቤቴን ልቀቅልኝ።»

«ነገ እለቃለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ዓሦቹን ያቀረብኩበት ሳህን ታጥቦ ደጄ ላይ ተቀምጧል። በረኪና በረኪና ይሸታል። አነሳሁት። እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ዕቃዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ ባልዲውን በጉልበቴ መሃል ይዤ እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ አንድ ጓደኛዬ ጋ ገባሁ። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ጎንበስ ብዬ እናትየዋን አያታለሁ። አፏን እንደገጠመች ነው።

በአሥረኛው ቀን ለቀቀቻቸው። ሽፋሽፍት የሚያካክሉ አሥራ አራት ጫጩቶች። ገና ከመውጣታቸው ከሐይቁ ዳር አምጥቼ የጨመርኩላቸውን አረንጓዴ ድንጋይ ይለቅሙት ጀመር። ጓደኛዬ ሥራ ስለሄደ የማሳየው ሰው አልነበረም፤ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳያቸው ዋልኩ።

ከወራት በኋላ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ልገዛ ሄጄ ከእትዬ አስካለ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አለፉኝ። እኔም አለፍኳቸው። ጋሽ ዘውዴ ተሽሏቸው እንደሆነ ለመጠየቅ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ... አልተመለስኩም።

አሥራ አራት የዓሣ ጫጩት በየጠዋቱ እየቆጠርኩ አሳድጌያለሁ፤ አንድ ግቢ አብሬያቸው የኖርኩትን በሽተኛ ግን አንድ ቀን «እንዴት አደሩ» ብያቸው አላውቅም።